ቁልቁል የታየ ጠብታ

ሰው ሲያረጅ ዓይኑም ጆሮውም ይደክማል፤ አፍንጫው ግን የዛሬ አርባ ዓመቱን ሽታ ትናንት የሸተተው ያህል ይዞ ይቆያል። ይህን ያወቅሁት ባለፈው ዓመት የስንዴው አጨዳ በተጀመረ ሰሞን፣ አሰላ ውስጥ አንድ ጎረቤታችን አርፈው ድንኳን ውስጥ ለቅሶ ተቀምጬ ሳለ ነው። ጥቁር ሻሽ ያሰረች ሴት መጥታ አጠገቤ አግዳሚው ላይ ተቀመጠችና እጄን ለሰላምታ ያዘችው። ከመዳፏ የአልኮልና የጓንት ዱቄት ሽታ መጣ። ቀና ብዬ ፊቷን ሳላይ፣ «አንቺ ላቦራቶሪ ነው የምትሠሪው» አልኳት። ሳቋን በሻሿ ጫፍ ሸፈነችና፣ «አካም ጂርቱ፣ እትዬ ዘነቡ? ሐሊማ ነኝ እኮ። ደም መቅዳት ያስተማሩኝ» አለችኝ። ጡረታ ልወጣ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩኝ ለልምምድ የመጣች፣ ጥያቄ የማያልቅባት ልጅ ነበረች። አሁን እሷ ራሷ የላቦራቶሪው ኃላፊ ሆናለች። ከዚያ በኋላ የጠየቀችኝን ሁሉ መለስኩላት፤ ልቤ ግን ያንን ሽታ ተከትሎ ሌላ ቦታ ሄዶ ነበር።

ወደዚያ የሐኪም ቤት ላቦራቶሪ ተቀጥሬ ስገባ ሃያ ዓመት ሞልቶኝም አልሞላኝም። የዚያን ጊዜዋ አሰላ ከላይ እስከ ታች በእግር የምትዘለቅ፣ የጋሪ ፈረሶች ቃጭል ጠዋት ጠዋት የሚቀሰቅሳት፣ ከጭላሎ የሚወርደው ነፋስ ባሕር ዛፉን እያፏጨ የሚያልፍባት ከተማ ነበረች። ከአውቶቡስ ተራው ወረድ ብሎ ጥጉ ላይ አንድ ሻይ ቤት ነበር፤ ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ፓስቲ በአሥራ አምስት። ባለቤቱ ሬዲዮኑን መስኮት ላይ ስለሚያስቀምጠው ዘፈኑን የሚሰማው ከውስጥ ካለው ሰው ይልቅ ደጅ የቆመው ነበር። ወንዶቹ ከታች እንደ ደወል የሚሰፋ ሱሪ ለብሰው ጭቃውን በሱሪያቸው ጫፍ እየጠረጉ ይሄዳሉ። እኔም ታኮው ከፍ ያለ ጫማ ነበረኝ፤ ክረምት ሲገባ ግን ጫማዬን በእጄ ይዤ፣ በላስቲክ ቦት ጫማ ሥራ ቦታ ደርሼ ነበር የምቀይረው። ነጭ ካፖርታችንን የሚሰፋልን ከሻይ ቤቱ ማዶ ያለው ልብስ ሰፊ ሲሆን፣ አቡጀዲው ሁለት ጊዜ ሲታጠብ እጅጌው ክርናችን ድረስ ይሸሻል። ጣታችን ደግሞ ሁልጊዜ ቢጫ ነበር። የኩላሊትን ነገር የምንመረምርበት ፒክሪክ አሲድ የሚባል ፈሳሽ ያቀልመን ነበር፤ በሳሙና አይለቅም፣ በሎሚ አይለቅም። ቤተ ክርስቲያን አጠገቤ የሚቆሙ ሴቶች፣ «እርድ ስትደልዢ ነው እንዴ የሰነበትሽው?» ይሉኛል።

የዛሬ ልጆች ሲሰሙት ይሰቀጥጣቸዋል እንጂ፣ እኛ ፈሳሽ የምንለካው በአፋችን ነበር። ፒፔት ማለት ጎኑ ላይ መስመር የተሰመረበት ቀጭን የመስታወት ቱቦ ነው። ጫፉን ፈሳሹ ውስጥ ነክረን፣ በላይ በኩል በአፋችን ሳብ አድርገን፣ ከመስመሩ ሲያልፍ በጣታችን እንደፍነዋለን፤ ከዚያ ጣታችንን ቀስ አድርገን እያላላን መስመሩ ድረስ እናወርደዋለን። ፒክሪክ አሲዱ አንድ ቀን አምልጦኝ ምላሴ ላይ ደርሶ ያውቃል። እንደዚያ ያለ መራራ ነገር ቀምሼ አላውቅም። ይህን ሁሉ ያስተማሩን የላቦራቶሪው ኃላፊ ጋሽ በየነ ነበሩ፤ የኢተያ ሰው፣ ጴንጤ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ሲሠሩ መዝሙር በአፍንጫቸው የሚያዜሙ። «ሳብ፣ ድፋ። ሳብ፣ ድፋ። በሦስተኛው ያዝ» ይሉን ነበር። ለምን እንደሆነ ስንጠይቃቸው፣ «ደረቅ ፒፔት ዋሾ ነው፤ መጀመሪያ አፉን አርጥቡለት» ከማለት በቀር አያብራሩም።

ሐሊማ እዚያ ድንኳን ውስጥ፣ ሰው እየገባ ሰው እየወጣ፣ ጭንቀቷን አጫወተችኝ። ሐኪም ቤቱ አዲስ ማሽን ገዝቶላቸው ነበር፤ ፈሳሽ የሚቀዳ ማሽን፣ እነሱ ሮቦቱ ይሉታል። ከእያንዳንዱ ሰው ደም የተለየውን ውሃ በጥቂት በጥቂቱ እየሳበ፣ በላስቲክ ገበታ ላይ ባሉ ትንንሽ ጉድጓዶች እየጨመረ፣ የመመርመሪያውን መድኃኒት እያከለ በአንድ ጊዜ የብዙ ሰው ምርመራ ይሠራል። አይደክመውም፣ ወሬ አያዘናጋውም።

«ታዲያ ምኑ ነው ያስጨነቀሽ?» አልኳት።

«ዝቅ ይላል፣ እትዬ። ያው አንዱን ደም በእጄ ስሠራው አንድ ቁጥር፣ እሱ ሲሠራው ከዚያ ያነሰ ቁጥር። አንዳንዴ ቢሆን እሺ፤ ሁልጊዜ ነው። ልጆቹ 'የአንቺ እጅ ነው የተሳሳተው፣ እሱ ማሽን ነው' ይሉኛል። መሐንዲስ ከአዲስ አበባ መጥቶ አየው፤ ማሽኑ ራሱን ፈትሾ አረንጓዴ መብራት ሲያበራ፣ ደህና ነው ብሎ ሄደ።»

«በሽተኛ ላይ የደረሰ ነገር አለ?»

«አንድ የሁሩታ የሂሳብ አስተማሪ አለ። ሐኪሙ ፊቱ ማበጡን፣ ደም ግፊቱን አይቶ ኩላሊቱን ጠረጠረ። ማሽኑ ቁጥሩ ከበሽታው ድንበር በታች ነው አለ። እኔ ደግሜ በእጄ ስሠራው ከድንበሩ በላይ ሆነ። ማንን እንደማምን አላወቅሁም።»

ቤቴ ስገባ ባለቤቴ ደጀኔ በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ነበር። ደጀኔም በዚያው ላቦራቶሪ ነው ያረጀው፤ የተዋወቅነውም እዚያው ነው። አሁን እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ሻይ የማቀርብለት ስኒውን ግማሽ ብቻ እየሞላሁ ነው። የሐሊማን ነገር ስነግረው መጀመሪያ የሚሰማኝ አልመሰለኝም፤ ቅጠል ይረግፋል፣ ያንን ነበር የሚያየው። ስጨርስ ግን፣ «መዘኑት?» አለኝ።

«ምኑን?»

«የሚቀዳውን ውሃ ነዋ። ቁጥሩን ትተው ውሃውን መዘኑት?»

ያን ያህል ዓመት አብሬው ኖሬ፣ ያ ጥያቄ ከየት እንደመጣ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ስለዚህ ወደ ማሽኑ ከመድረሴ በፊት የጢቾዋን ሴት ነገር ልናገር።

ደጀኔ ያኔ የላቦራቶሪው ኩራት ነበር። መለሎ፣ ጎፈሬው የበር መቃን የሚነካ፣ እጁ ድንጋይ የሚያህል እርጋታ ያለው። ተቀምጦ አይሠራም፤ ቆሞ፣ ፒፔቱን ደረቱ ፊት ይዞ፣ ሃያውን ቱቦ በአንድ ትንፋሽ የሚጨርስ ነው የሚመስለው። አንዱን ደም አምስት ጊዜ ቢለካው አምስቱም አንድ ቁጥር ይመጣል። እኔ ደግሞ ቸኩዬ የተፈጠርኩ ነኝ። አንዳንዴ የመጨረሻዋን ጠብታ እፍ ብዬ አወጣታለሁ፣ አንዳንዴ ትቀርብኛለች፤ ቁጥሮቼ አንዱ ላይ አንዱ ታች። ራሴን ስለማላምን አንዱን ሥራ ሦስት ጊዜ እየደጋገምኩ መካከሉን እወስድ ነበር። ደጀኔ በዚህ ይስቅብኛል። ያን ጊዜ ገና ምኔም አልነበረም፤ ያም ሆኖ ሳቁ ያሳፍረኝ ነበር።

አንድ ቀን ከጢቾ አንዲት ሴት መጣች፤ ሙሉነሽ ትባላለች፣ ገበያ ላይ ገብስ የምትሸጥ፣ ፊቷ ያበጠባት። ደሟን ደጀኔ ሠራው፤ ኩላሊቷ ደህና ነው የሚል ቁጥር ወጣ፤ ሐኪሙም ኪኒን ሰጥቶ ሸኛት። በማግስቱ አዲስ የመጣውን ፒክሪክ አሲድ ልሞክር ብዬ የተረፈውን ደሟን አነሳሁ። እንደ ልማዴ ሦስት ጊዜ ሠራሁት። ሦስቱም አይገጣጠሙም፤ ሦስቱም ግን ከድንበሩ በላይ ናቸው። ቀለሙ ራሱ ከቢጫ አልፎ ወደ ብርቱካን ሄዷል። ወረቀቱን ይዤ ጋሽ በየነ ዘንድ ሄድኩ። ደጀኔ ከኋላዬ ሰምቶ፣ «የእሷን ቁጥር ነው የሚያምኑት? ሦስቱ እርስ በእርሳቸው እንኳን አይስማሙም» አለ። እውነቱን ነበር።

ጋሽ በየነ አልተቆጡም፣ አልፈረዱም። ከመስታወት ሣጥን ውስጥ ያለችውን ትንሽ ሚዛን አወጡ። «አንድ ሚሊ ሊትር ውሃ አንድ ግራም ነው። ውሃ አያዳላም» አሉና ሁለታችንንም አሥር አሥር ጊዜ ውሃ በፒፔት አስቀዱን፤ እያንዳንዱን እየመዘኑ ሰሌዳው ላይ ጻፉት። የእኔ ከልኩ አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ፣ እንደ ተበተነ ጥራጥሬ ነበር፤ ሲደመርና ለአሥር ሲካፈል ግን ልኩ ላይ አረፈ። የደጀኔ አሥሩም እንደ መንትያ አንድ ናቸው፤ አሥሩም ከልኩ ያነሱ። ሰሌዳውን አየና ፒፔቱን እንደገና አነሳ። ጋሽ በየነ ዙሪያውን እየዞሩ ሲሠራ ተመለከቱት። ከዚያ ጉልበቱን መታ መታ አደረጉት።

«አጎንብስ» አሉት። «ቁልቁል ነው የምታየው። ውሃውን ከላይ ሆነህ ስታየው መስመሩ ላይ የደረሰ ይመስልሃል እንጂ ከመስመሩ በታች ወርዷል። ዓይንህን ከውሃው እኩል አድርግ።»

በርጩማ አመጡና አስቀመጡት። ከዚያ በኋላ የቀዳው ሁሉ ልክ ሆነ። ያኔ ጋሽ በየነ የተናገሩትን እስከ ዛሬ አስበዋለሁ፤ «መስማማት አንድ ነገር ነው፣ ልክ መሆን ሌላ። ዘነቡ፣ የአንቺ መካከሉ ልክ ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ለክተሽ ብትሄጂ ግን የት እንደሚያርፍ አይታወቅም። ደጀኔ ሁልጊዜ ይሳሳታል፣ ግን ሁልጊዜ ያው አንዱን ስህተት። የእሱ በዚህ በርጩማ ተስተካከለ፤ የአንቺ ዓመት ይፈጃል» አሉኝ። ፈጀም።

በሚቀጥለው ቀን ጋሽ በየነ ደጀኔን ይዘው ጢቾ ወረዱ። ክረምት ነበር፣ አውቶቡሱን ጭቃ ይዞት የመንገዱን እኩሌታ በእግራቸው ነው የሄዱት። እኔ አልነበርኩም፤ ደጀኔ ግን ብዙ ጊዜ ነግሮኛል። ሴትየዋ ደጃፏ ላይ ገብስ እያበጠረች አገኟት። ጋሽ በየነ ሰላምታ ሰጥተው ዝም አሉ፤ መናገር ያለበት እሱ እንደሆነ ገባው። «ደህና ነሽ ያልኩሽ ቁጥር ልክ አልነበረም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ኩላሊትሽ መታከም አለበት» አላት። ትቆጣለች፣ ታለቅሳለች ብሎ ሲጠብቅ፣ «ለዚህ ነው ይህን ሁሉ ጭቃ የመጣችሁት? ቁጭ በሉ፣ እግራችሁን ታጠቡ» አለች። አብራቸው ወደ አሰላ መጣች፤ ታከመች፤ ከዚያም ብዙ ዓመት ኖረች። ደጀኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ቆሞ የለካው ነገር የለም። ከተጋባን በኋላ እንኳ ቤት ውስጥ ዘይት ስቀዳ አጎንብሶ ከጠርሙሱ እኩል ሆኖ ሲያይ ልጆቻችን ይስቁበት ነበር።

ሐሊማ ዘንድ የሄድነው ከለቅሶው በማግስቱ ጠዋት ነው። ደጀኔ ሙሉ ልብሱን ለበሰ፤ ክራባቱን እኔ አሰርኩለት። መንገዱ አስፋልት፣ ባጃጁ እንደ ጉንዳን፤ ሻይ ቤቱ የነበረበት ጥግ ላይ የስልክ መሸጫ ተሠርቷል። ላቦራቶሪው ነጭ፣ ብሩህ፣ ከእኛ ጊዜው ጋር የሚያገናኘው ሽታው ብቻ ነው። ማሽኑ መስታወት ባለው ሣጥን ውስጥ አንድ ክንድ ነው፤ ይሄዳል፣ ትንሽ የላስቲክ ጫፍ ይሰካል፤ ቲፕ ይሉታል። ጎንበስ ይላል፣ ይስባል፣ ይጨምራል፣ ቲፑን ይጥላል፣ ሌላ ይሰካል። ድምፁ የልብስ ስፌት መኪና ነው የሚመስለው። እንደ ሕፃን አፌን ከፍቼ ቆሜ አየሁት። ያን ሁሉ ዓመት በአፌ የሳብኩትን በአንድ ጠዋት ይጨርሰዋል። ቀናሁ ልበል? አይደለም። እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ነበር የፈለግሁት። ሐሊማን፣ «ፈሳሹን በምንድን ነው የሚስበው?» አልኳት።

«በአየር ነው፣ እትዬ። ከላይ ፒስተን አለ። ፒስተኑ ሲነሳ መካከል ያለው አየር ይሳባል፣ አየሩ ደግሞ ፈሳሹን ያነሳል። መድኃኒቱ ግን በሌላ ቱቦ ነው፣ ቀጥታ ይገፋል እንጂ አየር የለበትም።»

ሐሊማ ከመድኃኒት መቀመሚያው ክፍል ሚዛን ተዋሰች። ማሽኑን ውሃ አስቀዳነው፤ በአንድ ክዳን ባለው ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ አሥር ጠብታ፣ ሲደመር መቶ ሚሊ ግራም ሊመዝን የሚገባው። ዘጠና አራት። ሌላ ብልቃጥ፤ ዘጠና አራት። ሌላ፤ ዘጠና አራት። ሐሊማ ሦስቱንም ቁጥር ጻፈች። እኔ ደጀኔን አየሁት፤ እሱም እኔን አየኝ።

«ይሄ እኔ ነኝ» አለ ደጀኔ። ሐሊማ አልገባትም፤ ቀና ብላ አየችው። «ሁልጊዜ ያው አንዱን ስህተት ነው የሚሳሳተው። አትፍሪ፣ እንደዚህ ያለው ይድናል።»

ከዚያ ክንዱ ጎንበስ ቀና ሲል ብዙ ቆይቶ ተመለከተና፣ «ቲፑን አያረጥበውም እንዴ? በደረቁ ስቦ በደረቁ ነው የሚሄደው» አላት። ሐሊማ ኮምፒውተሩ ውስጥ ገብታ ፈለገች። ቀድሞ ስቦ የሚመልስበት፣ ቲፑን የሚያረጥብበት ትእዛዝ አለው፤ ሥራው እንዲፈጥን ተብሎ ተዘግቶ ነበር የመጣው። ከፈተችው፤ ሦስት ጊዜ ስቦ እንዲመልስ አደረገችው። ሐሊማ የማሽኑን መጽሐፍ ገልጣ ምክንያቱን ስታነብልን፣ ጋሽ በየነ ሳያብራሩልን ያለፉትን ነገር በመጨረሻ አገኘሁት። ደረቅ ቲፕ ውስጥ ፈሳሽ ሲገባ ጥቂቱ ይተንና አየሩ ውስጥ ይገባል፤ ያ እንፋሎት ለፈሳሹ የተተወውን ቦታ ይሻማል። እንደ አሰላ ባለ ደረቅ ብርድ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። መዘንን፤ ዘጠና ሰባት፣ ዘጠና ሰባት፣ ዘጠና ሰባት።

«የቀረው ሦስቱስ?» አለች ሐሊማ።

ይህኛው ብዙ አስቸገረን። ውሃው ቀዝቅዞ ይሆን ብለን ክፍሉ ውስጥ አቆየነው፤ አልተለወጠም። የቲፑን ዓይነት ቀየረች፤ አልተለወጠም። ደክሞን ስንቀመጥ ከሠራተኞቹ አንዷ ከአዳማ ያመጣችውን የታሸገ ብስኩት አቀረበችልን። ማሸጊያው እንደ ኳስ ተነፍቶ ነበር። ይህን ነገር ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ እህቴ አዳማ ስለምትኖር ከዚያ የምትልክልኝ የታሸገ ነገር ሁሉ ዴራን አልፎ ዳገቱን ሲወጣ ሆዱ ይነፋል። ባቄላም እሷ ቤት ቶሎ ይበስላል፣ እኔ ቤት ያስመሻል። ብስኩቱን ይዤ ዝም ብዬ አየሁትና፣ «ይሄን ማሽን ፋብሪካው የት ሆኖ ነው ልኩን ያስተካከለው?» አልኩ።

ሐሊማ ወረቀቱን አየች። «ውጭ አገር፣ ወደብ ያለበት ከተማ ነው።»

«እንግዲያው የባሕር ዳርቻ አየር ነው የሚያውቀው» አልኩ። «እዚህ አየሩ ስስ ነው። ፒስተኑ ሲነሳ አየሩ ከዚያኛው ይልቅ ይለጠጥለታል፤ ፈሳሹ በዚያው ልክ ያንሳል። የእኛ የመስታወት ፒፔት እንዲህ ያለ ነገር አልነበረበትም፤ ውሃውን የምንለካው በዓይናችን ነበራ።»

እርግጠኛ አልነበርኩም፤ ሐሊማ ማሽኑን ለሸጠላቸው ወኪል ደወለች። ሰውየው ትንሽ አሰበና አዎ፣ ከፍታ የሚጻፍበት ቦታ አለ፣ ማንም ሞልቶት አያውቅም አለ። የአሰላን ከፍታ ጻፈች። መዘንን። መቶ። ዘጠና ዘጠኝ ተኩል። መቶ። ሐሊማ ሚዛኑን ትታ ጭንቅላቷን ጠረጴዛው ላይ ደገፈች። የሁሩታውን አስተማሪ ደም እንደገና አስገባችው፤ ቁጥሩ በእጇ ካገኘችው ጋር ገጠመ። ሐኪሙ በዚያው ቀን ሕክምናውን አስጀመረው።

እኔ ሥራው ያለቀ መስሎኝ ቦርሳዬን አንስቼ ነበር። ሐሊማ ግን አልተነሳችም። «ማሽኑ ከመጣ ጀምሮ የተመረመሩትስ?» አለች። ስህተት ቢገኝስ ብላ አለቃዋን አስቀድማ ጠይቃው ኖሮ፣ «ካሁን በኋላ ያለውን አስተካክሉ፤ ያለፈውን ብታነሱት ሰው እምነት ያጣብናል» ብሏታል። እንጀራዋ ነው፣ ሁለት ልጆች አሏት። ደጀኔ የሚንቀጠቀጡ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የጢቾዋን ሴት ነገር ነገራት። ሳይጨምር ሳይቀንስ፣ ጭቃውንም፣ የገብሱንም ነገር። ሲጨርስ፣ «ያን ቀን ባልሄድ ኖሮ፣ ከዚያ በኋላ የምጽፈውን ቁጥር ሁሉ እፈራው ነበር። ሴትየዋ ግን እምነት አላጣችብንም» አላት።

ሐሊማ ተነሳች። ከዚያ ወደ አለቃዋ ቢሮ ገባች። በሩ ተዘግቶ ስለነበር ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ የሰማሁት አንድ ጊዜ፣ «እንግዲያው ስሜን ጽፈው ይያዙ፤ እኔ ነኝ ለበሽተኞቹ የደወልኩት» ስትል ብቻ ነው። ስትወጣ ቁጥራቸው ድንበሩ አጠገብ የነበሩትን ሰዎች ከኮምፒውተሩ አወጣች። ሁለት ገጽ ሞላ። የገጠሩን አብዛኛውን በኦሮምኛ ማነጋገር ስለሚያስፈልግ፣ እኔም ጎረቤቶቼ ያስተማሩኝ ኦሮምኛ ስላለኝ፣ አንዱን ገጽ ስጪኝ አልኳት።

መጀመሪያ የደወልኩት ኢተያ ለሚኖሩ ኦቦ ገመቹ ለሚባሉ ገበሬ ነው። የኮምባይነር ድምፅ እየጮኸ ነበር ያነሱት። ከሰላምታው በኋላ ከየት እንደምደውል ስነግራቸው ኮምባይነሩ እስኪርቅ ጠበቁና በአማርኛ፣ «ደህና ነህ ብላችሁኝ ነበር እኮ» አሉኝ።

«ብለን ነበር፣ ኦቦ። ያ ቁጥር ልክ ላይሆን ይችላል። ደግመን ማየት አለብን።»

«ማሽኑ ነው የተሳሳተው፣ ወይስ ሰው?»

ሐሊማ በሌላኛው ስልክ ላይ ነበረች። ደጀኔ እያየኝ ነበር። «ማሽኑ አጉድሎ ነበር የሚቀዳው» አልኳቸው። «ሳንመዝነው ያመንነው ግን እኛ ነን።»

«ስንዴዬ ሜዳ ላይ ነው። ዝናብ ይመጣል ይላሉ» አሉ። ለከነገ ወዲያም ይደርሳል ልላቸው ስል፣ «ለወንድሜ ልንገረው። ነገ በመጀመሪያው መኪና እመጣለሁ» ብለው ዘጉት።

ከሁለቱ ገጽ ብዙዎቹ መጥተው ደህና ሆነው ተመለሱ። ጥቂቶቹ ስልካቸውን ቀይረው እስከ ዛሬ አላገኘናቸውም፤ ሐሊማ በየወረዳው ጤና ጣቢያ እያስፈለገቻቸው ነው። አለቃዋ ለጥቂት ሳምንት አኮረፋት፤ ኋላ ግን የሚዛን መግዣ ፈረመላት፤ አሁን ማሽኑ በየሳምንቱ ይመዘናል። ኦቦ ገመቹ እንዳሉትም በማግስቱ ጠዋት መጡ፤ የኮታቸው አንገትጌ ላይ የስንዴ ገለባ ተሰክቶ ነበር። ክንዳቸውን ዘረጉ፤ ደማቸውን ሐሊማ ራሷ ቀዳች። ማሽኑ ሠራው፤ ቁጥሩ ከድንበሩ አለፈ። ወረቀቱን ከመስጠቷ በፊት፣ ማንም ሳያዛት፣ ዞር ብላ ያንኑ ደም በእጇ ደገመችው። እኔ ከጎኗ ቆሜ ነበር፤ ሁለቱ ቁጥሮች ተገናኙ። ወጥታ አጠገባቸው አግዳሚው ላይ ተቀመጠችና ሁለቱንም አሳየቻቸው፤ አንዱ የማሽኑ፣ አንዱ የእጇ መሆኑን፣ ኩላሊታቸው ገና ብዙ ሳይጎዳ ሕክምና መጀመር እንዳለባቸው በኦሮምኛ አስረዳቻቸው።

ኦቦ ገመቹ ወረቀቱን አራቅ አድርገው ያዙና ቁጥሮቹን ተራ በተራ በጣታቸው ነኩ።

«ሁለት ምስክር አለኝ ማለት ነዋ» አሉ። «በሉ እንጀምር።»